የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው፦ የኤሌክትሪክ መኪናዬ ከ14 ወር በኋላ

ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ምድር ቤቱ መኪና ማቆሚያ ወረድኩ። ሪሞቱን ተጫንኩ። ዝም። ጠጋ ብዬ እጀታውን ነካሁ። አሁንም ዝም። ስልኬ ላይ ያለውን መተግበሪያ ከፈትኩት። መጨረሻ የተመዘገበው ቁጥር እዚያው ነው፤ ባትሪ 81 በመቶ። ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያስኬድ የሚችል ጉልበት ወለሉ ስር ተጠራቅሞ፣ መኪናዋ በሯን ለመክፈት አቅም አጣች።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ይሄ ነው።

ይህን ጽሑፍ ስምንት ወር ሲሞላት ልጽፈው አስቤ ነበር። ያኔ ቢጻፍ ኖሮ ከላይ እስከ ታች ምስጋና ይሆን ነበር። አሁን 14 ወር ሆኗታል። 19 ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቻታለሁ። ጸጥታዋ፣ አነሳሷ፣ ፍሬን ሳልነካ እግሬን ብቻ አንስቼ መቆሜ፣ ሁሉም እንደተባለው ነው። ጎማ አልቀየርኩም፤ የፍሬን ሸራው ገና አዲስ ይመስላል። ስለ መልካሙ ጎኗ ይሄ ይበቃል። ለሁለት ወር እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ስለሆነ ስለሱ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ብዙ ገዢ የማያውቀውን ልናገር። እኔም ስገዛ አላወቅሁትም። የኤሌክትሪክ መኪና ሁለት ባትሪ አላት። አንደኛው ሁላችንም የምናወራለት ትልቁ ነው፤ የኔው 60 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ቮልቴጁ 400 ገደማ ነው። ሁለተኛው ባለ 12 ቮልቱ ትንሹ ባትሪ ነው። በቤንዚን መኪና ኮፈኖ ስር የምናውቀው ያው የሊድ አሲድ ባትሪ። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ይህን ዓይነት ባትሪ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ዛሬም ዘመናዊ የምንላት መኪና ያለሱ አትነቃም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የበሩ ቁልፍ፣ መብራቱ፣ ክሩስኮቱ፣ ኮምፒውተሮቹ በሙሉ የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው። ከሁሉም በላይ ግን ትልቁን ባትሪ ከመኪናዋ ጋር የሚያገናኙት ኮንታክተሮች አሉ። ትልልቅ ሪሌዎች፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው። መኪናዋ ስትጠፋ ይከፈታሉ፤ ከፍተኛው ቮልቴጅ ከባትሪው ሳጥን እንዳይወጣ ያደርጋሉ። ይህ ለደህንነት የግድ ነው። መልሰው እንዲዘጉ ግን የትንሹ ባትሪ ጉልበት ያስፈልጋቸዋል። ትንሹ ከሞተ ትልቁ በሩ ተቆልፎበት ይቀራል። ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቁልፉ ውጭ እንደጠፋበት ሀብታም ማለት ነው።

ዲናሞ የላትም። በዲናሞው ፋንታ ዲሲ-ዲሲ ኮንቨርተር የሚባል ክፍል አለ። ከትልቁ ባትሪ ቀንሶ ትንሹን ይሞላል። መኪናዋ በርታ ሳለች ወይም ቻርጅ ስታደርግ ይሠራል። ቆማ ሳለችም አንዳንዴ ነቅታ ትንሹን ትሞላለች፤ ግን በተወሰነ ሁኔታና ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ለምን ሁልጊዜ አትሞላም ያለ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ኮንታክተሮቹን ይዞ ለማቆየትና ሥርዓቱን ለመቆጣጠር ራሱ ጉልበት ይፈጃል። ስለዚህ ሠሪዎቹ መኪናዋ እንድትተኛ ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ አልከራከራቸውም። መተኛቷ ጥሩ ነው። የኔዋ ግን አትተኛም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን የገጠመኝ በ10ኛው ወር ነው። ለአራት ቀን ቆማ ነበር። ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀውን የብረት ቁልፍ አወጣሁ። የሾፌሩ በር እጀታ ላይ ትንሽ ክዳን አለች፤ እሷን አንስቼ በሩን ከፈትኩ። ደግነቱ ኮፈኖው በሽቦ የሚሳብ ስለሆነ ተከፈተ። ጎረቤት ጀምፐር ይዞ መጣ። 12 ቮልት እንደሰጠናት ወዲያው ነቃች። ክሩስኮቱ በራ፤ 81 በመቶ ብሎ አሳየን። ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ።

ጥገና ማዕከል ወሰድኳት። ባትሪውን ለኩና "ደክሟል፣ ይቀየር" አሉኝ። በዋስትና አይሸፈንም ተባልኩ፤ ከፍዬ አስቀየርኩ። በ10 ወር ባትሪ ለምን ይደክማል ብዬ ጠየቅሁ። "ያጋጥማል" ነበር መልሱ። እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ መልስ ነው። ያጋጥማል ማለት ምክንያቱን አልፈለግንም ማለት ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱም ባትሪ ሞተ።

አሁን ደግሞ የመንገድ ካሜራዬን ጥፋተኛ አደረጉት። እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬው መሠረት አለው። መኪናው ቆሞም የሚቀዳ ካሜራ ባትሪ ከሚበሉ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው። በመመርመሪያ ሶኬቱ ላይ ተሰክተው የሚረሱ ትንንሽ ማንበቢያዎችም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ ካሜራውን ነቀልኩ። ገመዱን ሳይቀር አወጣሁ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ያለ ካሜራ፣ እንደገና ሞተች። ደወልኩላቸው። "የብልሽት ኮድ አይታይም፤ አጠቃቀምዎ ይሆናል" አሉኝ። አጠቃቀሜ መኪና ማቆም ነው። መኪናን ማቆም ስህተት ሊሆን አይችልም።

መፍትሔው የመጣው ከጥገና ማዕከሉ ሳይሆን ከአንድ ጎረቤቴ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ነገሩን ሳስረዳቸው አንድ ነገር ብቻ አሉኝ።

"ልጄ፣ ባትሪው ሟች ነው። አንተ ገዳዩን ፈልግ።"

እሳቸው የኤሌክትሪክ መኪና ነክተው አያውቁም ነበር። እኔ ፈራሁ። እሳቸው ግን ብርቱካናማ ገመዶቹን አይተው፣ "ይሄ የኛ ሥራ አይደለም፤ እንዳትነካው፤ እኛ የምንሠራው 12ቱ ላይ ብቻ ነው" አሉ። ይህን ለሚያነበኝ ሁሉ እደግመዋለሁ። ብርቱካናማ ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ ይገድላል። ለዚህ ምርመራ እሱን መንካት በጭራሽ አያስፈልግም። በትንሹ ባትሪ በኩል ያለው ግን ከማንኛውም መኪና ብዙም አይለይም።

መጀመሪያ ቮልቱን ለካን። ጤነኛ የሊድ አሲድ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 እስከ 12.8 ያሳያል። 12.2 ላይ ግማሽ ነው። ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ወደ መሆን ተቃርቧል። ኮንቨርተሩ ሲሞላው ደግሞ ከ13.5 ወደ 14.5 አካባቢ ይወጣል። የኔው ማታ ከመኪናዋ ስወርድ 12.7 ነበር፤ ጠዋት 12.4 ሆኖ አደረ። በአንድ ሌሊት! ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄ ባትሪ ከመቀየሩ በፊት አንድ ሌሊት ቢለካ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ" አሉ።

ከዚያ የፍሰት ልኬታው መጣ። የድሮው መንገድ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቶ ቴስተሩን መሃል ላይ ማስገባት ነው። ጋሼ እሱን አልፈለጉትም። ሁለት ምክንያት አላቸው። አንደኛ፣ ገመዱ ሲፈታ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ይጠፋሉ፤ ሲመለስ ሁሉም እንደ አዲስ ይነሳሉ፤ ያ የማይተኛው ክፍል በዚያው ሊስተካከልና ሊደበቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቴስተሩ መሃል ላይ ሳለ መኪናዋ ከነቃች በብዙ አምፔር የሚቆጠር ፍሰት ያልፋል፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ስለዚህ የተጠቀሙት በገመዱ ዙሪያ የሚጨብጠውን ክላምፕ ሜትር ነው። ክላምፑ ግን ዲሲን፣ ማለትም የባትሪን ፍሰት የሚለካና ትንሹን ፍሰት የሚያነብ መሆን አለበት። ለቤት ሽቦ የሚሆነው ርካሹ ክላምፕ ኤሲ ብቻ ስለሚለካ ለዚህ አይረዳም።

አሁን ዋናው ጥበብ ይመጣል፤ መኪናዋ የተዘጋች እንዲመስላት ማድረግ። ኮፈኖው ክፍት ከሆነ አትተኛም። በር ክፍት ከሆነ አትተኛም። ጋሼ የኮፈኖውን መቆለፊያ በካቻቢቴ ጠቅ አድርገው ዘጉት፤ ኮፈኖው ተነስቶ ሳለ መኪናዋ የተዘጋ መሰላት። የሾፌሩንም በር እንደዚያው። ውስጠኛው የፊውዝ ሳጥን መሪው ስር ስለሆነ በሩ ክፍት መሆን ነበረበት። ከዚያ ቆለፍናት። ሪሞቱን ቤት ወስጄ አስቀመጥኩት፤ ቁልፉ አጠገቧ ካለ ታውቀዋለች፤ ደጋግማ ትነቃለች። መተግበሪያውንም ከስልኬ ዘጋሁት። ይህ የገረመኝ ነገር ነው። መተግበሪያውን በከፈታችሁ ቁጥር መኪናዋን ከእንቅልፍ ትቀሰቅሷታላችሁ። እኔ ደግሞ በእነዚያ ሳምንታት ከጭንቀት የተነሳ በቀን አሥር ጊዜ እከፍተው ነበር።

ተቀምጠን ጠበቅን። መጀመሪያ 7 አምፔር። ከሁለት ደቂቃ በኋላ 3.2። በአሥረኛው ደቂቃ 1.1። ኮምፒውተሮቹ አንድ በአንድ ሲተኙ ቁጥሩ እንደ ደረጃ ይወርዳል። ያየ ሰው መኪና ስትተኛ አየሁ ቢል ውሸት አይሆንበትም። በ20ኛው ደቂቃ 0.58 ደረሰ። እዚያ ላይ ቆመ። 40 ደቂቃ ጠበቅን። አንድ ሰዓት ጠበቅን። 0.58።

የተኛች መኪና ከ0.05 አምፔር በታች መውረድ አለባት። የኔዋ ከአሥር እጥፍ በላይ ትበላ ነበር።

እዚህ ላይ ወረቀት አወጣሁ። ትንሹ ባትሪ 45 አምፔር ሰዓት ነው። ለ0.58 ሲካፈል 77 ሰዓት ይሆናል። ከሦስት ቀን ትንሽ ይበልጣል። ያ የመጀመሪያው ማክሰኞ በአራተኛው ቀን ነበር! ቀጥዬ በዋት አሰላሁት፤ ሰባት ዋት ገደማ ነው። አንድ ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል። ትልቁ ባትሪ 81 በመቶ ላይ ሆኖ ይህን አምፖል ብቻውን ቢሸከም፣ በሂሳብ ከዘጠኝ ወር ያላነሰ ያበራዋል። ዘጠኝ ወር መቻል የሚችል ጉልበት አጠገቡ ተቀምጦ፣ ትንሹ በሦስት ቀን ሞተ። ይህን ቁጥር ሳየው ነው በጣም የተናደድኩት። የጉልበት እጦት አይደለም፤ ያለውን ጉልበት ጠይቆ ያለመስጠት ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ማነው የሚበላው የሚል ነው። ብዙ ሰው ፊውዝ እየነቀለ ይፈልጋል። በአዲስ መኪና ይህ ያሳስታል፤ ፊውዝ ሲነቀልና ሲመለስ የተኙትን ክፍሎች ይቀሰቅሳል፤ እንደገና 40 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ጋሼ ፊውዙን ሳይነቅሉ ለኩት። እያንዳንዱ ፊውዝ ጀርባው ላይ ሁለት ጥቃቅን የብረት ነጥቦች አሉት። ቴስተሩን ሚሊቮልት ላይ አድርጎ ሁለቱን ነጥቦች መንካት ነው። ፍሰት የሌለበት ፊውዝ ዜሮ ያሳያል። ፍሰት ያለበት ጥቂት ሚሊቮልት ያሳያል። ምክንያቱም የፊውዙ ሽቦ ራሱ ትንሽ ተቃውሞ አለው። ለባለ 10 አምፔሩ ትንሽ ፊውዝ 1 ሚሊቮልት ማለት በግምት 0.13 አምፔር ነው።

ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ኮፈኖው ስር ያለውን ሳጥን ጨረስን፤ ምንም የለም። መሪው ስር ገባን። ወገባቸው እያመማቸው እንኳ ለኔ አልተውልኝም፤ ተንበርክከው ራሳቸው ለኩት። በሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ፊውዝ 4.4 ሚሊቮልት አሳየ። አባዙት፤ 0.57 አምፔር። የጠፋው ሁሉ እዚያ ነው ያለው።

ክዳኑ ላይ ያለውን ሥዕል አየን። የግንኙነት ክፍሉ ፊውዝ ነው። ውስጡ ሲም ያለበት፣ መኪናዋን ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኛት ሳጥን። ስልኬ ላይ 81 በመቶ እያለ ሲያሳየኝ የነበረው እሱ ነው። ስለ ባትሪው የሚነግረኝ ክፍል ነው ባትሪውን ሲበላው የነበረው።

ለምን እንደሚበላ ግን ገና አላወቅንም። ያገኘሁት ራሴ ነኝ፤ ደስ ይለኛል። መኪናዋ ስምንት ወር ሙሉ ምንም አላለችም። በዘጠነኛው ወር ምን ተለወጠ? ማቆሚያዬ። እስከዚያ ድረስ ሜዳ ላይ ነበር የማቆማት። በዘጠነኛው ወር ምድር ቤት ቦታ አገኘሁ። ከፀሐይና ከዝናብ ትጠለላለች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ምድር ቤቱ ውስጥ ግን ስልኬ እንኳ ኔትወርክ አይይዝም፤ አንዴ አንድ መስመር፣ አንዴ ባዶ። ስልካችሁ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ቶሎ ባትሪ ሲጨርስ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ኔትወርክ ሲፈልግ አቅሙን ሁሉ ይጠቀማል። የመኪናዬም ሳጥን እንደዚያው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋል። ያገኛል፤ ይጠፋዋል፤ እንደገና ይፈልጋል። ስለዚህ አይተኛም።

ይህ ግምት ስለሆነ ፈተንኩት። ሁለት ሌሊት ሜዳ ላይ አሳደርኳት፤ ሁለት ሌሊት ምድር ቤት። ባትሪው ላይ በብሉቱዝ ቮልቱን የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ አስሬ ነበር። በክላምፑም ለካሁ። ሜዳ ላይ 0.03 አምፔር፤ ጠዋት 12.7። ምድር ቤት 0.58፤ ጠዋት 12.4። ሁለቱም ጊዜ ያው። ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ፊውዙን ነቅሎ መጣል ይቻል ነበር። ጋሼም መጀመሪያ እንደዚያ አስበው ነበር። ግን ያ ሳጥን አደጋ ሲደርስ ራሱ ለእርዳታ የሚደውለውም ነው። በአውሮፓ ኅብረት ይህ አገልግሎት ከእ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2018 ጀምሮ ፈቃድ በሚጠየቅባቸው አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ግዴታ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባትሪ ለማዳን ብዬ የሰው ሕይወት የሚያድን ነገር አላጠፋም። ወደ ጥገና ማዕከሉ ተመለስኩ።

አሁን ግን ባዶ እጄን አልሄድኩም። የአራት ሌሊት ቮልት በግራፍ፣ የፍሰቱ ቁጥር፣ የፊውዙ ፎቶ ከነሚሊቮልቱ። ያው ባለሙያ "ኮድ የለም" ሲለኝ፣ "አይኖርም፤ ሳጥኑ ሥራውን እየሠራ ነው የሚመስለው፤ ኔትወርክ መፈለግ ጥፋት ተደርጎ አይመዘገብም" አልኩት። ወረቀቱን ደጋግሞ አየው። ውስጥ ገብቶ ከሌላ ሰው ጋር መጣ። ለዚያ ክፍል አዲስ ሶፍትዌር ወጥቶ ነበር። ማንም አልጫነልኝም፤ ማንም አልነገረኝም። ጭነቱ አንድ ሰዓት አልፈጀም። አሁን ኔትወርክ ሲያጣ ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ይተኛል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሆኗል። ምድር ቤት ውስጥ 0.03 አምፔር። በዚህ ፍጆታ 45 አምፔር ሰዓት በሂሳብ ሁለት ወር ይዘልቃል። አንዴ ለ11 ቀን ተለይቻት ሄድኩ፤ ስመለስ ሪሞቱን ስጫን ፍሬቻዋ ብልጭ አለ። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

አሁን ከሻጩ ጋር ላውራ። ስገዛ ፊቴ የቆመው ሰው ይህን አያነብም፤ እኔ ግን ለሁለት ወር በልቤ ስከራከረው ስለኖርኩ መናገሬ አይቀርም። ወንድሜ፣ እንዲህ ነበር ያልከኝ፦ "ዘይት የለ፣ ፊልትሮ የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ቺንጊያ የለ። ቻርጅ ማድረግ ብቻ ነው።" የጠራኸው ሁሉ በእርግጥ የለም። አንድ የዘለልከው ግን አለ። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ አለ። የት እንዳለ አላሳየኸኝም። የብረቱ ቁልፍ የት እንደሚገባ አላሳየኸኝም። ብትል ኖሮ እኔ መግዛቴን አልተውም ነበር። አምስት ደቂቃ ነበር የሚወስድብህ።

"ይሄ የሁሉም መኪና ችግር ነው፤ የቤንዚኑም ባትሪ ይሞታል" እንደምትለኝ አውቃለሁ። ልክ ነህ፤ ይሞታል። የቤንዚኑ መኪና ግን ሞተሪኖው ከብዶት ሲያቃስት ቀድመን እንሰማለን። ባለቤቱ ሳምንት ቀደም ብሎ ያውቃል። የኔዋ ሞተሪኖ የላትም። አታቃስትም። ትናንት ሙሉ ጤነኛ ነበረች፤ ዛሬ ድንጋይ ናት። ስለዚህ እናንተ ልትነግሩን ይገባል። ትልቁ ስክሪን ላይ የጎማ ንፋስ ይታያል፤ የውጭው ሙቀት ይታያል፤ በመቶ ኪሎ ሜትር ምን ያህል እንደፈጀች ይታያል። የትንሹ ባትሪ ቮልት ግን የትም የለም። መኪናዋ ትለካዋለች እኮ! ኮንቨርተሩን መቼ እንደምታስነሳ የምታውቀው በዚያ ልኬት ነው። የምታውቀውን ቁጥር ለባለቤቱ ማሳየት ምን ይከብዳል? "12 ቮልት እየወረደ ነው" የሚል አንድ መልእክት ወደ ስልኬ ቢመጣ ኖሮ አንድ ጤነኛ ባትሪ ባልተጣለ፣ ሁለት ወር ባልባከነ።

የባትሪውን ዓይነት ራሱን መቀየር የጀመሩም አሉ። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2021 በአንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ የሊድ አሲዱን ትቶ ትንሹንም ሊቲየም ማድረግ ጀመረ። ሊቲየሙ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ደጋግሞ መውረድንም የተሻለ ይችላል። የሊድ አሲዱ ግን ባዶውን ሲቆይ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገራል፤ ከዚያ በኋላ ቢሞላም የቀድሞውን ያህል አይይዝም። የመጀመሪያው ባትሪዬ የደከመው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ደክሞ አልሞተም፤ እየተገደለ ነው የደከመው። ሊቲየም ቢሆንም ግን 0.58 አምፔር የሚበላ ነገር ካለ መውረዱ አይቀርም። የባትሪ ዓይነት መቀየር ገዳዩን አይዝም።

ትገዛታለህ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በ11ኛው ወር ቢሆን አልገዛም እል ነበር። ምድር ቤት በጨለማ ቆሜ የብረት ቁልፍ ስፈልግ ልሸጣት ወስኜ ነበር። ዛሬ እገዛታለሁ። ከዚያች ሰባት ዋት በቀር በ14 ወር ውስጥ አንድም ቀን አላስከፋችኝም። ጥገናውን ግን ከዚያው ማዕከል አልገዛም። መኪናዋን ይቅር ብያታለሁ፤ "ያጋጥማል" ያለኝን ሰው ገና ነኝ።

መኪናችሁ ቆማ ባትሪ የምትጨርስ ከሆነ፣ ከመቀየራችሁ በፊት ማታና ጠዋት ቮልቱን ለኩት። ቴስተር ማንም ቤት አይጠፋም። የት እንደምታቆሟትም ልብ በሉ፤ ቦታው ራሱ መልስ ሊሆን ይችላል። የተሰካ ማንበቢያ ካለ ንቀሉ። ሪሞቱን ከመኪናዋ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ትንሽ የጀምፐር ፓወር ባንክም ያዙ፤ ግን ሻንጣው ውስጥ አታስቀምጡት። የሻንጣው በር የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው፤ ባትሪው ሲሞት መፍትሔው እዚያው ይቆለፍባችኋል። የኔው ሾፌሩ ወንበር ስር ነው ያለው።

ጋሼ ክላምፑን አልተቀበሉኝም። "አንተ ጋ ይቆይ" አሉኝ። ትናንት ማታ ወርጄ ለካሁ፤ ምንም ችግር ስላለ አይደለም። 0.03።